ምንጩ ያልታወቀው ሙቀት

 

በነቀምት ዙሪያ፣ በጉቶ ጊዳ ገጠር፣ በቆሎ የሚያመርት ዘመድ ያላችሁ ሁሉ አንድ ነገር ታውቃላችሁ። በደንብ ሳይደርቅ ጎተራ የገባ በቆሎ ውስጥ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እጃችሁን ብታስገቡ ይሞቃል። እሳት አልነደደበትም፤ ፀሐይም አላገኘውም። ታዲያ ሙቀቱ ከየት መጣ? ልምድ ያለው ገበሬ በዚህ አይደነቅም፤ እህሉ ሳይበላሽ አውጥቶ ያሰጣዋል። እርጥበት ባለበት ሻጋታና ነቀዝ ይራባሉ፤ እነርሱም እህሉን እየበሉ ሲተነፍሱ ሙቀት ያወጣሉ። ሙቀቱ እውነት ነው፤ ምንጩ ግን ተአምር አይደለም።

ዛሬ የምናወጋችሁ ታሪክ ከዚህ ጎተራ ጋር ይመሳሰላል። ልዩነቱ በዚያኛው ታሪክ እጃቸውን ያስገቡት በዓለም የታወቁ ሊቃውንት መሆናቸው፣ የሙቀቱም ምንጭ ከሰላሳ አምስት ዓመታት በላይ ማከራከሩ ነው። ታሪኩ የሳይንስ ነው። ነገር ግን ለእኛ ለሙስሊም ቤተሰቦች ከሳይንስ ያለፈ ትምህርት አለው፤ ይኸውም ልባችን የተመኘው ወሬ ሲመጣ ምን ማድረግ እንዳለብን ነው።

የመጋቢት 14ቱ መግለጫ

ቀኑ መጋቢት 14 ቀን 1981 ዓ.ም. ነበር፤ በፈረንጆች አቆጣጠር ማርች 23 ቀን 1989፣ በሒጅራው ደግሞ የ1409 የሻዕባን ወር አጋማሽ። በአሜሪካ ዩታ ግዛት በሚገኘው የዩታ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ሰዎች በጋዜጠኞች ፊት ቆሙ። አንደኛው በኤሌክትሮኬሚስትሪ ሙያ ስመ ጥር የነበሩት እንግሊዛዊው ማርቲን ፍላይሽማን ሲሆኑ፣ ሁለተኛው የዚያው ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ክፍል ኃላፊ ስታንሊ ፖንስ ነበሩ። ፍላይሽማን ተራ ሰው አልነበሩም። በ1927 በቼኮዝሎቫኪያ ተወልደው በልጅነታቸው ከናዚዎች ሸሽተው እንግሊዝ የገቡ፣ በኋላም የእንግሊዝ ሮያል ሶሳይቲ አባል እስከ መሆን የደረሱ ምሁር ነበሩ።

ሁለቱ ሰዎች ያሉት ምን ነበር? ፀሐይን የሚያነደውን ኃይል በጠረጴዛ ላይ በተቀመጠ የብርጭቆ ዕቃ ውስጥ አገኘን ነው ያሉት።

ነገሩን ጥቂት እናብራራው። ፀሐይ የምትነደው በማዕከሏ የሃይድሮጅን አቶሞች እምብርቶች ተጋጭተው ስለሚዋሐዱ ነው። እምብርቶቹ እርስ በርስ ስለሚገፋፉ እንዲዋሐዱ ታላቅ ሙቀት ያስፈልጋል፤ በፀሐይ ማዕከል ያለው ሙቀት 15 ሚሊዮን ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ይህንን ኃይል በምድር ላይ ለማግኘት ታላላቅ መንግሥታት ለአሠርት ዓመታት ብዙ ቢሊዮን ዶላር አፍስሰዋል። ፍላይሽማንና ፖንስ ግን የተጠቀሙት ከባድ ውሃ የሚባለውን፣ ማለትም ተራው ሃይድሮጅን ዲዩቴሪየም በተባለው ከባዱ ሃይድሮጅን የተተካበትን ውሃ ነበር። በውሃው ውስጥ አንድ የፓላዲየም ዘንግና አንድ የፕላቲኒየም ሽቦ ነክረው ኤሌክትሪክ አሳለፉበት። ፓላዲየም አስደናቂ ብረት ነው፤ ስፖንጅ ውሃ እንደሚመጥ ከራሱ ይዘት ብዙ መቶ እጥፍ የሚሆን ሃይድሮጅን ይመጣል። በብረቱ ውስጥ የተጨናነቀው ዲዩቴሪየም በተራ የክፍል ሙቀት ተዋሕዶ፣ ካስገባነው ኤሌክትሪክ የበለጠ ሙቀት ሰጠን አሉ። በዚህም ነገሩ “ቀዝቃዛ ውህደት” የሚል ስም ወጣለት።

ምኞቱ ነውር አልነበረም

ውድ አንባቢያን፣ ይህን የሰማ ዓለም ለምን እንደፈነደቀ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያሻም። ያን ጊዜ በወለጋ ገጠር አብዛኛው ቤተሰብ ምግቡን የሚያበስለው በማገዶ ነበር፤ ዛሬም ብዙው እንደዚያው ነው። እናቶቻችንና እህቶቻችን ሸክም እንጨት በጀርባቸው ተሸክመው ሲመለሱ፣ ጭሱም ዓይናቸውን ሲያስለቅሳቸው አይተናል። ከውሃ ውስጥ የማያልቅ፣ ጭስ የሌለው ሙቀት ተገኘ ቢባል ከማን ቤት ደስታ አይገባም? በመግለጫው ማግስት ደግሞ ኤክሰን ቫልዴዝ የተባለችው መርከብ በአላስካ ባሕር ላይ ተሰብራ እጅግ ብዙ ድፍድፍ ዘይት አፈሰሰች። ዓለም ከነዳጅ የሚገላግለውን ነገር በሚናፍቅበት ሳምንት ላይ ይህ ወሬ ደረሰ።

ስለዚህ ምኞቱ ነውር አልነበረም። ችግሩ ምኞቱ ማስረጃውን ቀድሞት መሄዱ ነው።

ወትሮ አንድ ተመራማሪ አዲስ ነገር ሲያገኝ ጽሑፉን ለሙያው መጽሔት ይልካል፤ ሌሎች ሊቃውንትም ይመረምሩታል፤ ከዚያ በኋላ ለሕዝብ ይነገራል። በዚህ ጉዳይ ግን ጋዜጠኞች ቀደሙ። በዚያው በዩታ በሚገኘው በብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ ስቲቨን ጆንስ የተባሉ የፊዚክስ ሊቅ በተመሳሳይ ጥናት ላይ ነበሩ፤ ሁለቱ ወገኖች ጽሑፋቸውን በአንድ ቀን፣ ማርች 24፣ ለአንድ መጽሔት ሊልኩ ተነጋግረው ነበር። የዩታ ዩኒቨርሲቲ ግን ከዚያ ቀን በፊት መግለጫውን ሰጠ። የቀዳሚነትና የባለቤትነት መብት ጉዳይ ሰዎቹን አጣደፋቸው። የፍላይሽማንና የፖንስ ጽሑፍ በኤፕሪል ወር ሲታተም ስህተት ስለነበረበት የማረሚያ ዝርዝር ተከተለው፤ ከተዘለሉት ነገሮች አንዱ ሦስተኛው የጽሑፉ ተባባሪ ስም ነበር!

የዩታ ምክር ቤትም አልዘገየም። መግለጫው ከተሰጠ ከሁለት ሳምንት በኋላ 5 ሚሊዮን ዶላር መደበ። በኤፕሪል መጨረሻ ደግሞ የዩታ ሰዎች በዋሽንግተን ምክር ቤት ፊት ቀርበው 25 ሚሊዮን ዶላር ጠየቁ።

ክርክሩ

በዓለም ዙሪያ ያሉ ቤተ ሙከራዎች ሥራቸውን ትተው ፓላዲየም ፍለጋ ወጡ። በአሜሪካ የቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ትርፍ ሙቀት አየን አሉ። የጆርጂያ ቴክ ሰዎች ውህደት ሲካሄድ የሚወጡትን ኒውትሮን የተባሉ ቅንጣቶች አገኘን አሉ፤ በቀናት ውስጥ ግን መለኪያ መሣሪያቸው በሙቀት ምክንያት የሚሳሳት ሆኖ ስላገኙት ቃላቸውን በይፋ አነሡ። በኤፕሪል 12 በዳላስ ከተማ 7,000 ያህል ኬሚስቶች በተሰበሰቡበት ፖንስ በታላቅ ጭብጨባ ተቀበሏቸው። ሆኖም በዚያው ስብሰባ አንድ ቀላል ጥያቄ ተነሣ፦ “ይኸው ሙከራ በተራ ውሃ ቢደረግ ምን ይሆናል?” ተራ ውሃም ያንኑ ሙቀት የሚሰጥ ከሆነ ሙቀቱ ከዲዩቴሪየም ውህደት አልመጣም ማለት ነውና። ለዚህ ጥያቄ የጠራ መልስ አልተገኘም።

ተቺዎቹ ያነሡት ጥያቄ በሁለት ይከፈላል።

የመጀመሪያው ስለ ውህደቱ ምልክት ነው። ሁለት የዲዩቴሪየም እምብርቶች ሲዋሐዱ በግማሽ ያህሉ ጊዜ ኒውትሮን፣ በሌላው ግማሽ ደግሞ ትሪቲየም የተባለ ጨረር አመንጪ ሃይድሮጅን ይወጣል። ይህ ለብዙ ዓመታት የተለካ ነገር ነው። በዚህ መንገድ 1 ዋት ሙቀት ቢገኝ በየሰከንዱ ወደ 1 ትሪሊዮን ኒውትሮን ይወጣል። ይህም አጠገቡ የቆመን ሰው ለመግደል በቂ ነው። ተመራማሪዎቹ ግን በሕይወት ነበሩ፤ ለካን ያሉት ኒውትሮንም ከሚጠበቀው በብዙ ሚሊዮን እጥፍ ያነሰ ነበር። ጭስ ሳይኖር ቤት ተቃጠለ እንደ ማለት ነው።

ሁለተኛው ስለ ሙቀቱ አቆጣጠር ነው፤ የዚህ ታሪክ እምብርትም እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በወለጋ የፊንጫ ውሃ ተርባይን እያዞረ ኤሌክትሪክ ይሰጣል። ከዚያ የሚገኘው መብራት ውሃው ሲወርድ ከሚያመጣው ኃይል ሊበልጥ አይችልም። “የወጣው ከገባው በለጠ” የሚል ሰው እንግዲህ መዝገቡን ገልጦ ማሳየት አለበት። በብርጭቆው ዕቃ ውስጥ ኤሌክትሪኩ ውሃውን ወደ ዲዩቴሪየምና ኦክስጅን ጋዝ ይከፋፍላል። ጋዞቹ ከዕቃው ሲወጡ የተወሰነ ኃይል ይዘው ይሄዳሉና ቆጣሪው ያንን ከገቢው ይቀንሳል። ነገር ግን ከጋዞቹ ጥቂቱ ከዕቃው ሳይወጣ እንደገና ተገናኝቶ ውሃ ቢሆንስ? ያን ጊዜ “ወጥቷል” ተብሎ የተቀነሰው ኃይል ተመልሶ ሙቀት ይሆናል፤ በመዝገቡም ላይ ትርፍ መስሎ ይታያል። በፊት በር የወጣ ዕቃ በጓሮ በር ቢመለስና ነጋዴው ሳያውቅ እንደ አዲስ ትርፍ ቢቆጥረው ማለት ነው።

በሜይ 1 ቀን 1989 በባልቲሞር በተደረገው የፊዚክስ ሊቃውንት ጉባኤ የካልቴክ ተመራማሪ ኔትን ሉዊስ የራሳቸውን ቡድን ሙከራዎች ዘርዝረው ትርፍ ሙቀት እንዳላገኙ ተናገሩ። ፈሳሹ ካልተማሰለ የሙቀት መለኪያው የሚያነበው በተቀመጠበት ቦታ ያለውን ሙቀት ብቻ ሊሆን እንደሚችልም አሳሰቡ። ፍላይሽማንና ፖንስ ዝም አላሉም። ከሳምንት በኋላ በሎስ አንጀለስ ስብሰባ ላይ በዕቃው ውስጥ ቀለም ሲጨመር በአጭር ጊዜ እንደሚበተን በፊልም አሳይተው፣ የጋዙ አረፋ ራሱ ፈሳሹን ያማስላል ብለው መለሱ። ክርክሩ እንዲህ እየተመላለሰ ቀጠለ።

በእንግሊዝ ሃርዌል የሚገኘው የአቶሚክ ኃይል ምርምር ማዕከል ከፍላይሽማን ከራሳቸው ምክር ተቀብሎ ብዙ ሙከራ ካደረገ በኋላ በጁን ወር ምንም አላገኘሁም ብሎ አቆመ። የአሜሪካ የኢነርጂ መሥሪያ ቤት ያቋቋመው ጉባኤም በኖቬምበር 1989 ማስረጃው አላሳመነኝም፤ ልዩ በጀት አይመደብለት፤ ነገር ግን በጥንቃቄ የተዘጋጁ መጠነኛ ሙከራዎች ቢደገፉ አልቃወምም አለ። በዩታ የተከፈተው የቀዝቃዛ ውህደት ተቋም በ1991 ተዘጋ። በጃንዋሪ 1992 ደግሞ በካሊፎርኒያ በአንድ ቤተ ሙከራ በዚሁ ጥናት ላይ የነበረ ዕቃ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ተቀጣጥሎ ፈንድቶ የአንድ ተመራማሪ ሕይወት አለፈ። ሁለቱ ሊቃውንት በጃፓን ገንዘብ በፈረንሳይ አገር ጥናታቸውን ቀጠሉ፤ ያም ቤተ ሙከራ በ1998 ተዘጋ። ፍላይሽማን በ2012 አረፉ።

ደዒፍና መውዱዕ

ውድ አንባቢያን፣ ከዚህ በኋላ ብዙ ሰው ሁለቱን ሊቃውንት “አታላዮች” ሲል ሰማን። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። የእኛ ዑለማኦች የሐዲስን ዘገባ ሲመረምሩ የሠሩት ታላቅ ሥራ አለና። አንድን ዘገባ ሲቀርብላቸው “እውነት” ወይም “ውሸት” ብለው በሁለት አልከፈሉትም። ሰሒሕ አለ፣ ሐሰን አለ፣ ደዒፍ አለ፣ መውዱዕ አለ። መውዱዕ ሆን ተብሎ የተፈጠረ ውሸት ነው። ደዒፍ ግን ሌላ ነው፤ ዘጋቢው ደግ፣ ሰጋጅ፣ እውነተኛ ሰው ሆኖ ሳለ የማስታወስ ችሎታው ደካማ ስለሆነ፣ ወይም ሰንሰለቱ አንድ ቦታ ላይ ስለተቋረጠ ዘገባው ለማስረጃነት አይበቃም። እንዲህ ያለውን ሰው ዑለማኦቹ አልሰደቡትም፤ ዘገባውንም አልተቀበሉትም። ለሰውየው ክብሩን፣ ለእውነት ደግሞ መብቷን ሰጡ።

የፍላይሽማንና የፖንስ ዘገባ ከየትኛው ነው? እንደኛ አመለካከት ከደዒፉ ወገን ነው። ያልታየ ነገር ፈጥረው ተናገሩ ለማለት የሚያበቃ ነገር የለም። ከገንዘባቸው ወደ 100,000 ዶላር አውጥተው ለዓመታት ደክመዋል። ጎድሎ የተገኘው ሌሎች ሲደግሙት ተመሳሳይ ውጤት የሚሰጥ መለኪያ ነው። ሙቀት አየን ማለት አንድ ነገር ነው፤ የሙቀቱ ምንጭ ይህ ነው ማለት ሌላ ነው። እነርሱ የመጀመሪያውን ሳያጸኑ ሁለተኛውን ለዓለም አወጁ።

ይህ ዓይነቱ ጥንቃቄ ለእስልምና ሥልጣኔ አዲስ አይደለም። በመካከለኛው ዘመን ብዙዎች ብረትን ወርቅ እናደርጋለን ሲሉ አል-ኪንዲ በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ይህን የሚቃወም ጽሑፍ ጽፏል፤ አር-ራዚም ለእርሱ መልስ ጽፏል። ኢብኑ ሲናም ብረትን ወደ ወርቅ መለወጥ አይቻልም ብሏል። ተከራከሩ እንጂ በጭፍን አልተቀበሉም። በብርሃን ጥናት የታወቀው ኢብኑል ሀይሠም (965–1040 ገደማ) ደግሞ የታላቁን የበጥሊሞስን ሥራ የሚጠይቅ መጽሐፍ ሲጽፍ፣ እውነትን የሚፈልግ ሰው የቀደሙትን ብቻ ሳይሆን የራሱንም አስተያየት መጠራጠር እንዳለበት አስተምሯል።

ከሁሉም በላይ የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ምሳሌ እናስታውስ። በ10ኛው ዓመተ ሒጅራ ልጃቸው ኢብራሂም በሞተበት ቀን ፀሐይ ተጋረደች። ሰዎችም ፀሐይ የተጋረደችው ለኢብራሂም ሞት ነው አሉ። ይህ ወሬ ለእርሳቸው ክብር የሚጨምር፣ በሐዘናቸውም የሚያጽናና ይመስል ነበር። እርሳቸው ግን ዝም አላሉም፤ ፀሐይና ጨረቃ ለማንም ሞት ወይም ሕይወት እንደማይጋረዱ፣ ከአላህ ምልክቶች መካከል መሆናቸውን ለሕዝቡ ነገሩ፤ ወደ ሰላትም ጠሩ። ዓይናቸው እያነባ ሐሰተኛውን ማጽናኛ መለሱት። ከዚህ የበለጠ የአማና ትምህርት የት ይገኛል?

ዛሬስ?

ክርክሩ ፈጽሞ አልሞተም። በ2004 የአሜሪካ የኢነርጂ መሥሪያ ቤት ነገሩን እንደገና 18 ለሚሆኑ ገምጋሚዎች አቀረበ። ትርፍ ሙቀት ታይቷል ወይ በሚለው ላይ ለሁለት ተከፈሉ፤ ምንጩ የኒውክሌር ውህደት ነው በሚለው ግን አብዛኞቹ አልተስማሙም። ጉግል ኩባንያ ከ2015 ጀምሮ በ10 ሚሊዮን ዶላር ያህል ወጪ ወደ 30 ተመራማሪዎችን አሰማርቶ ውጤቱ በ2019 ታተመ፤ የቀዝቃዛ ውህደት ማስረጃ አልተገኘም። በ2023 አሜሪካ ለስምንት ቡድኖች 10 ሚሊዮን ዶላር መድባ ጥያቄው አንድ ጊዜ እንዲቋጭ ፈለገች። በ2025 ደግሞ በካናዳ ያሉ ተመራማሪዎች ፓላዲየም በኤሌክትሪክ ተጨማሪ ዲዩቴሪየም እንዲመጥ ሲደረግ በዲዩቴሪየም ጨረር ሲመታ የሚካሄደው ውህደት በ15 በመቶ ገደማ እንደሚጨምር አሳዩ። እነርሱ ግን ትርፍ ኃይል አገኘን አላሉም፤ የለኩትም ኒውትሮኑን ራሱን ነው። ከ1989ኙ ጩኸት ጋር ስታነጻጽሩት ይህ አነጋገር ምን ያህል ልከኛ ነው!

እንግዲህ ለቤታችን ምን እንውሰድ? በሱረቱል ሑጁራት አማኞች ወሬ ሲመጣላቸው እንዲያጣሩ ታዘዋል። አብዛኞቻችን ይህን የምናስታውሰው የሰው ክፉ ወሬ ሲመጣ ነው። ክፉ ወሬን መጠራጠር ግን ቀላል ነው። የሚከብደው ደስ የሚለውን ወሬ ማጣራት ነው፤ በሽታን ሁሉ የሚያድን መድኃኒት ተገኘ ሲባል፣ ገንዘብን በወር እጥፍ የሚያደርግ ንግድ መጣ ሲባል፣ ሃይማኖታችንን የሚያስከብር መስሎን ያልተረጋገጠ “የሳይንስ ተአምር” በስልካችን ሲደርሰን። ዲናችን ለእውነተኛነቱ ደካማ ወሬ አያስፈልገውም፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የግርዶሹን ወሬ እንዳልፈለጉት ሁሉ።

ልጆቻችሁ እንዲህ ያለ ወሬ ይዘው ሲመጡ አትሳቁባቸው፤ አትቆጧቸውም። ማን ተናገረው? እንዴት ለካው? በነገሩ ጥቅም የሌለው ሌላ ሰው ደግሞ ሞክሮት ያንኑ አገኘ ወይ? ብላችሁ ጠይቋቸው። መልሱ ካልተሟላ “አላውቅም” ማለት ነውር እንዳልሆነ በራሳችሁ አንደበት አስተምሯቸው። ምናልባት ከነርሱ መካከል አንዱ ነገ በነቀምት በወለጋ ዩኒቨርሲቲ ወይም በሌላ ቦታ መለኪያ ይዞ ይቆም ይሆናል። ያን ጊዜ ጓደኞቹ ሁሉ የሚመኙት ቁጥር ቀርቶ ሌላ ቁጥር መሣሪያው ላይ ቢያይ፣ ያየውን የሚጽፍ ልጅ ይሁንልን።

የወለጋዋ እናት ከጭስ የምትገላገልበትን ቀን አላህ ያቅርበው። ያ ቀን የሚመጣው በእውነተኛ ሚዛን በተለካ ሙቀት ነው።

ወላሁ አዕለም።